ዓረብኛ እየተናገሩ መጻፍ ላቃታቸው፦ የሜሴጅ ችግርና መፍትሄ

ሪያድ፣ ኩዌት፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ኖሮ አፉ የተፈታ፣ ስልክ ላይ ግን ከቮይስ ሌላ መላክ የማይደፍር ሰው ብዙ ነው። ዓረብኛን በጆሮ የለመደ ሰው ሲጽፍ የሚሳሳተው በተመሳሳይ ቦታዎች ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንዱ፣ አነጋገሩ የየአገሩ ሲሆን አጻጻፉ ግን የጋራ መሆኑ ነው። ሌላው የራሳችን ፊደል ያስለመደን ልማድ ነው። ከዚህ በታች ችግሩን ከምልክቱ ተነስተን እንፈታለን። ቃላቱን በዓረብኛ ፊደላት ስም በሰረዝ ለያይተን አስቀምጠናል፤ በቅደም ተከተል ይንኳቸው፣ ስልኩ ራሱ ከቀኝ ወደ ግራ ይደረድራል፣ ያገጣጥማል።

ኪቦርዱ ከሌለዎት አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ ኪቦርድ፣ ኪቦርድስ ብለው ገብተው ዓረብኛን ይጨምሩ። ጂቦርድ (የጉግል ኪቦርድ) ባለው አንድሮይድ ደግሞ በጂቦርዱ ሴቲንግ ውስጥ ላንጉዌጅስ የሚለው ጋ ነው። ቋንቋ የሚቀያየረው የሉል ምልክቱን በመንካት ነው። ሀምዛ (የተዋጠ አ ምልክት የሆነችው ትንሿ ፊደል) የተጫነባት አሊፍ ከጠፋችብዎት አሊፍን ጫን ብለው ይያዙ።

ምልክት፦ «ቅርብ ነኝ» ብለው ጻፉ፣ ሰውየው ግራ ገባው

ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ቅርብ ማለት «ገሪብ» ነው። ጆሮዎ ገ ስለሰማ ገይን ጻፉ። በገይን ሲጻፍ ግን ቃሉ «እንግዳ፣ ባዳ፣ ግራ የሚያጋባ» ማለት ነው። ትክክለኛው ቃፍ-ራ-ያ-ባ ነው።

ምክንያቱ ቃፍ የምትባለው ፊደል በየአገሩ ድምጿን መቀየሯ ነው። ሳውዲና ኩዌት ገ ትሆናለች። ቤይሩት ተውጣ አ ትሆናለች፤ «ገህዋ» የተባለው ቡና እዚያ «አህዌ» ነው። አጻጻፉ ግን በሁለቱም አገር አንድ ነው፦ ቃፍ-ሃ-ዋው-ታ መርቡጣ (ቃል መጨረሻ ላይ የምትመጣው ክቧ ታ)። ደቂቃም እንዲሁ፣ ባሕረ ሰላጤው ላይ «ደጊጋ» ቢሉትም ዳል-ቃፍ-ያ-ቃፍ-ታ መርቡጣ ተብሎ ይጻፋል።

ታዲያ ገ በሰሙ ቁጥር ቃፍ ይጻፉ ማለት አይደለም። እውነተኛ ገይን ያላቸው የቤት ቃላት አሉ፦ ክፍል (ጉርፋ)፣ ምሳ (ገዳ)፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን (ገሳላ)። የእነዚህ ገ ጉሮሮ ውስጥ የሚንገራገር ነው። ጆሮዎ ካልለየው ቃሉን በቴሌቪዥን ዜና ላይ ያዳምጡ። ዜና አንባቢው ቀ ብሎ ካነበበው ቃፍ ነው፤ እዚያም ገ ከሆነ ገይን ነው። ይህ ዘዴ ለቤይሩቱ የተዋጠ አም ይሠራል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ «ልቤ» የሚለው ቃፍ-ላም-ባ-ያ ነው። ቃፏ በስህተት ካፍ ከሆነች «ውሻዬ» ብለው ላኩ ማለት ነው፤ ከመላክዎ በፊት ሁለቴ ይዩት።

ምልክት፦ ደሞዝ ጠየቁ፣ መልሱ «እሺ ምን?» ሆነ

«መዓሺ» (ደሞዜ) ሲጻፍ ሚም-ዐይን-አሊፍ-ሺን-ያ ነው። ዐይኗ ከተዘለለች የቀረው «ማሺ» ተብሎ ይነበባል፤ እሱም «እሺ» ወይም «እየሄደ ነው» ማለት ነው። «ዓመል» (ሥራ) የሚለውም ዐይኗ በአሊፍ ከተተካች «ተስፋ» ይሆናል።

በአማርኛ አ እና ዐ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ስለቀረ ጆሯችን ዐይንን አይቆጥራትም። እዚህ ላይ ግን ከብዙ ሌላ አገር ሰው የምንሻልበት ነገር አለ፦ ግእዙ ፊደሎቹን አልጣላቸውም። ዓረብኛና ግእዝ ዘመዳሞች ስለሆኑ የጋራ ቃል ሲያገኙ የግእዙ አጻጻፍ መንገድ ያሳያል። ሰዓትን ይመልከቱ፤ ዓረብኛው ሲን-አሊፍ-ዐይን-ታ መርቡጣ ነው፣ ዐይኗ የእኛ ዓ ባለችበት ቦታ ላይ ናት። ዓይን፣ ዓመት፣ ዓለምም እንዲሁ በዐይን ይጀምራሉ።

ቁጥሮቹ ላይ ደግሞ በደንብ ይታያል። አርባዕቱ፣ ሰብዐቱ፣ ተስዐቱ ብሎ የቆጠረ ሰው በዓረብኛው አራት፣ ሰባትና ዘጠኝ ውስጥ ዐይን እንዳለች ያውቃል፦ አሊፍ-ራ-ባ-ዐይን-ታ መርቡጣ፤ ሲን-ባ-ዐይን-ታ መርቡጣ፤ ታ-ሲን-ዐይን-ታ መርቡጣ። ዐሠርቱ በዐይኑ ዐ ይጀምራል፣ ንጉሡ ሠም በዓረብኛ ሺን ሆኖ ይመጣል፦ ዐይን-ሺን-ራ-ታ መርቡጣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሚታመነው የግእዙ አጻጻፍ ነው። ዛሬ በአማርኛ ሐምሳም ሃምሳም ስለሚጻፍ ጋዜጣ ላይ ባዩት ሀ አይመኩ።

ምልክት፦ ሦስቱ «ሀ» ይምታታሉ

ሐመሩ ሐ፣ ብዙኀኑ ኀ፣ ሃሌታው ሀ ብለው የተማሩትን ያስታውሱ። ዓረብኛው ሦስቱንም ለይቶ ይጽፋል፦ ሓ ነጥብ የላትም፣ ኻ ከላይ አንድ ነጥብ አላት፣ ሃ ደግሞ ክብ ናት። ሓና ኻ ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ የሚለያያቸው ነጥቡ ብቻ ነው፤ ጂምም ያው ቅርጽ ናት፣ ነጥቧ ግን ከታች ነው።

ኀምስቱ በብዙኀኑ ኀ ነው፤ ዓረብኛው አምስትም በኻ ነው፦ ኻ-ሚም-ሲን-ታ መርቡጣ። አሐዱ በሐመሩ ሐ ነው፤ ዋሒድም በሓ ነው፦ ዋው-አሊፍ-ሓ-ዳል። ወተት በግእዝ ሐሊብ ነው፣ በዓረብኛም ሓ-ላም-ያ-ባ። ኻ በጆሮም ትለያለች፣ ኸ ብለው የሚሰሟት ናት፦ ኸላስ፣ ኹብዝ። የሚያስቸግረው ሓን ከሃ መለየት ነው። ለዚህ ቀላል ማምለጫ አለ። «እሱ፣ እሷ፣ ይህ፣ እዚህ» የሚሉት ትንንሽ ቃላት (ሁወ፣ ሂየ፣ ሃዳ፣ ሂና) በሙሉ በሃ ናቸው።

በየጠዋቱ የሚላከው «ሰባሕ አልኸይር» ሓንም ኻንም ይዟል። ሷድ-ባ-አሊፍ-ሓ፣ ከዚያ ክፍተት፣ ከዚያ አሊፍ-ላም-ኻ-ያ-ራ። በአፍ ሲነገር የአሊፏ ድምፅ ይዋጣል፣ ሲጻፍ ግን አትቀርም።

ምልክት፦ ሹፌሩ ወደ መጣር ይምጣ ሲባል ስለ ዝናብ ያወራል

አውሮፕላን ማረፊያ «መጣር» ሚም-ጧ-አሊፍ-ራ ነው። አሊፏ ስትወጣ «መጠር»፣ ዝናብ ሆነ።

የእኛ ፊደል እያንዳንዱን አናባቢ ይጽፋል፤ ዓረብኛ የሚጽፈው ረጅሙን ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ረጅሟን ይዘላል፣ ሌላው ደግሞ ለእያንዳንዷ ኢ ያ፣ ለእያንዳንዷ ኡ ዋው እየጨመረ ቃሉን ያበላሻል። ሴት ልጅ (ቢንት) ባ-ኑን-ታ ብቻ ናት፣ መሃሏ ያ የለም። መለኪያው ጊዜ ነው፦ ቃሉን ቀስ ብለው ይበሉት፤ አናባቢው ከተጎተተ አብዛኛውን ጊዜ ይጻፋል፣ ቶሎ ካለፈ አይጻፍም።

ጠብቆ የሚነበብ ፊደል ደግሞ አንዴ ብቻ ይጻፋል፤ «ገና» ጠብቆም ላልቶም በአንድ ና እንደሚጻፈው ማለት ነው። ቤይሩቶች «እፈልጋለሁ» የሚሉበት «ቢዲ» ባ-ዳል-ያ ነው፣ ሁለት ዳል የለውም።

ምልክት፦ የቃሉ መጨረሻ ይበላሻል

«ሹክራን» በኑን አያልቅም። ሺን-ካፍ-ራ-አሊፍ ነው። «ዐፍዋን» (ምንም አይደል) እና «ጠብዐን» (እንዴታ) የመሳሰሉት መጨረሻቸው አሊፍ ነው፤ ኑን መጻፍ ዓረቦችም ራሳቸው የሚስቁበት ስህተት ነው።

በኣ ወይም፣ ቤይሩት፣ በኤ የሚያልቅ ስም ሲገጥምዎ «የኔ» የሚል ይጨምሩበት። ት ብቅ ካለች መጨረሻው ታ መርቡጣ ነው፣ ክብ ሆና ሁለት ነጥብ የተጫነባት። ሻንጣ «ሸንጠቲ»፣ ክፍል «ጉርፈቲ»፤ ስለዚህ ሁለቱም ታ መርቡጣ ናቸው። «የኔ» ሲጨመር ግን ተራ ታ ትሆናለች፦ ገይን-ራ-ፋ-ታ-ያ። ባሕረ ሰላጤው ላይ ብዙ ሰው ነጥቦቹን ትቶ ሃ ብቻ ይጽፋል፤ ሲደርስዎ አይደናገጡ፣ እርስዎ ግን ነጥቦቹን ያድርጉ።

ምልክት፦ ለወንድ የላኩት ሜሴጅ እንደ ሴት ጠራው

በየቤቱ የሚሠሩ ሴቶች ዓረብኛን የተማሩት ለእነሱ ከሚነገረው ትእዛዝ ነው፦ «ተዓሊ፣ ሩሒ፣ ጂቢ»። እነዚህ ለሴት የሚባሉ ናቸው። ለሹፌሩ ሲጽፉ የመጨረሻዋን ያ ያንሱ፦ «ነይ» ታ-ዐይን-አሊፍ-ላም-ያ ከሆነ «ና» ታ-ዐይን-አሊፍ-ላም ነው። ወንዶች ደግሞ በተቃራኒው ለማዳም ሲጽፉ ያዋን ይረሳሉ።

በካፍ የሚያልቀው ግን ሌላ ነው። ቤይሩት «ኪፊክ» ለሴት፣ «ኪፈክ» ለወንድ ይባላል፤ ሁለቱም ካፍ-ያ-ፋ-ካፍ ናቸው። ካፍ ላይ ያ አይጨመርም። ኩዌቶች ለሴት «ሽሎኒች» ሲሉ ች የምትሰማው በብዙ ኪቦርድ ጂምን ጫን ሲሉ ነው የምትወጣው፣ ሦስት ነጥብ አላት። ካጧት በካፍ ይጻፏት፣ ይገባቸዋል።

ምልክት፦ ፎቶ ላኪልኝ ሲሉ የቁርኣን ምዕራፍ ጠየቁ

ፎቶ «ሱራ» በሷድ ነው፣ በሲን ግን የቁርኣን ሱራ ነው። ከባዶቹ ሷድ፣ ጧ፣ ዷድና ዟ አጠገባቸው ያለውን አናባቢ ያወፍራሉ፤ ሳ ሳይሆን ወደ ሷ የሚጠጋ ድምፅ ከሰሙ ከባዱን ይምረጡ። ዷድና ዟ ባሕረ ሰላጤው ላይ በድምፅ ስለማይለያዩ ተወላጆቹም ያምታቷቸዋል፤ እዚህ ላይ ብዙ አይጨነቁ።

ምልክት፦ ቃል ውስጥ 3 እና 7 ገብቶ መጣ

ወጣቶች ዓረብኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ ለጎደላቸው ድምፅ ቁጥር ይጠቀማሉ። 3 ዐይን፣ 7 ሓ፣ 5 ኻ፣ 2 ሀምዛ ነው (ቤይሩት 2 የተዋጠውን ቃፍም ይወክላል)። ባሕረ ሰላጤው 6ን ለጧ፣ 9ን ለሷድ ይጨምራል። ማንበቡን ይወቁ፤ ለትልልቅ ሰዎች ግን እንዲህ አይጻፉ፣ ብዙዎቹ አይወዱትም።

የእውነተኛው ቁጥር አጻጻፍ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው፣ በተለይ ገንዘብ ሲሆን። በዓረቦቹ ቁጥር ዜሮ ነጥብ ብቻ ናት፣ ክቡ 5 ነው፣ የእኛን 7 የሚመስለው 6 ነው። 7 ወደ ላይ የተከፈተ ሹል ነው፣ 8 ግልባጩ። ክብና ነጥብ ካዩ 50 ማለት ነው። ዓረብኛው ከቀኝ ቢሄድም ቁጥሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ሰዓት ሲጽፉ የ6 ሰዓቱን ልዩነት ያስታውሱ፦ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት የእነሱ 8 ነው።

ምልክት፦ ስልኩ የጻፉትን ይቀይራል፣ ወይም ቃላቱ ቦታ ይለዋወጣሉ

ስልኩ የሚያውቀው የመጽሐፉን ዓረብኛ ስለሆነ የሰፈሩን ቃል «ያርማል»። በኪቦርዱ ሴቲንግ ኦቶ ኮሬክሽንን ያጥፉ። በማሽን የተተረጎመ ሜሴጅም በዚሁ ምክንያት የዜና ሽታ አለው፤ «እፈልጋለሁ» ለሚለው ሳውዲ «አብጋ»፣ ኩዌት «አቢ» እንጂ እንደ ጋዜጣው «ኡሪዱ» የሚል ሰው አይገኝም።

አማርኛና ዓረብኛ በአንድ መስመር ሲደባለቁ አንዱ ከግራ ሌላው ከቀኝ ስለሚሄድ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል። ዓረብኛውን በራሱ መስመር ያስቀምጡ።

የተጠራጠሩትን ቃል ለማጣራት ከሁሉ የሚቀለው ከደረሱዎት ሜሴጆች መፈለግ ነው፤ ማዳም ወይም ባለሱቁ የጻፉትን ኮፒ ያድርጉ። ካጡት ዓረብኛ ኪቦርዱ ላይ ማይክሮፎኑን ነክተው ቃሉን ይበሉና የሚጽፈውን ይዩ። ከዚያ ጉግል ላይ የፎቶ ፍለጋ ውስጥ ያስገቡት። መጣር ጽፈው አውሮፕላን ከመጣ ትክክል ነው፤ ደመና ከመጣ አሊፏ ቀርታለች።