የጠቆረ የናስ በር እጀታ እንዴት ይጸዳል?

አዳማ ውስጥ የቆየ ቤት ሲታደስ የበሩ እጀታ ብዙ ጊዜ ለቆራሌው ይሰጥና በምትኩ ቀላል አዲስ ይገዛል። ይህ ያሳዝናል። ድፍን ናስ ላዩ ይጠቁራል እንጂ እንደ ብረት ዝጎ አያልቅም፤ ጥቁረቱ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ደህና ነው።

መጀመሪያ ግን ድፍን መሆኑን ያረጋግጡ። ማግኔት ከያዘው ውስጡ ብረት ነው፣ ናሱም ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ማግኔት ካልያዘው ደግሞ ገና አልተረጋገጠም፤ ከዚንክ ቅይጥ ተሠርቶ ናስ የተለበጠ እጀታም አለ። ከበሩ ጋር በሚገጥመው ጀርባው በኩል በምላጭ ጫፍ ትንሽ ይጫሩት። ከሥር ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፣ ግራጫ ከወጣ ልብጥ ነው። ልብጡን በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ሰም ቀብተው ይተዉት። ከዚያ በላይ ከተፈተገ ቢጫው ይነሣል፣ አይመለስም።

ሲፈቱ የብሎኑን ስንጥቅ ከሞላው ቀለም በመርፌ ያጽዱና ልክ የሚሆነውን ካቻቢቴ ይጠቀሙ። አልላቀቅ ካለ ጥቂት ነጭ ጋዝ ያንጠባጥቡና ሰዓት ያህል ይጠብቁ፤ በኃይል ከታገሉት የብሎኑ ራስ ይበላል። በሩን በድንጋይ አስደግፉት፤ እጀታው ወልቆ ሳለ የአዳማ ነፋስ ቢዘጋው ከውስጥ ያለ ሰው መውጫ ያጣል።

ቀለም ወይም ያረጀ ቫርኒሽ ካለበት ለምግብ በማይውል የብረት ድስት ውስጥ ለ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው፣ እጀታውን ከተው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በቀስታ ያፍሉት። የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፣ ሶዳው ያበላሸዋል። ቀለሙ ሲለሰልስ እርጥብ እንዳለ በእንጨት ስንጥር ይላጡት። በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል በደረቁ አይፋቁ፤ ብናኙ መርዝ ነው። የቀረውን ቫርኒሽ አሴቶን ያነሣዋል።

ለጥቁረቱና ለአረንጓዴው ዝገት፦ ግማሽ የቡና ሲኒ አቸቶ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሊጥ እስኪሆን ድረስ ዱቄት። በአቸቶው ፈንታ የሎሚ ጭማቂም ይሆናል። ቀብተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት፣ ሳይደርቅም ይጠቡት። ብዙዎች የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ «በደንብ ይሥራ» ብለው ሌሊቱን ያሳድሩታል። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። አሲዱ ሲቆይ ዚንኩን ያወጣና መዳቡ ብቻውን ላዩ ላይ ይቀራል፤ እጀታው ወደ ሮዝ የሚሄደው ለዚህ ነው። ሮዝነቱ ስስ ከሆነ በማወልወያ ይነሣል፣ ጠልቆ ከገባ ግን ናሱ ራሱ ተዳክሟል። ጥቁረቱ በአንድ ጊዜ ካልለቀቀ ሊጡን አድሰው ይድገሙት እንጂ አያስረዝሙት። በመጨረሻ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውሃ አለቅልቀው ወዲያው በጨርቅ ያድርቁ። በረኪና በፍጹም አይንካው፤ ክሎሪኑ ያጠቁረዋል፣ ይበላዋልም። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦም ይጭረዋል።

ጭረት ካለ፣ ድፍን ናስ ላይ ብቻ፣ ቁጥር 600፣ ቀጥሎ 1000፣ ቀጥሎ 2000 የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነኩ ይጠቀሙ። ጌጥ የተቀረጸበትን ግን አይፈትጉ፣ ቅርጹ ተፍቆ ይጠፋል። ከዚያ ብራሶ ወይም ተመሳሳይ ማወልወያ በጥጥ ጨርቅ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይወልውሉ። ጨርቁ መጥቆሩ የተለመደ ነው። በቅርጹ ውስጥ የቀረውን ነጭ ዝቃጭ በጥርስ ብሩሽ ያውጡ። እንደ መስታወት ማብራቱ ግዴታ አይደለም፤ ጎድጓዳው ጠቆር ብሎ ከፍ ያለው ሲያበራ ቅርጹ ይበልጥ ይታያል።

ባዶ ናስ ተመልሶ ይጠቁራል። በየቀኑ ለሚጨበጥ እጀታ ከቫርኒሽ ይልቅ ሰም ይሻላል፤ ቫርኒሽ ሲላጥ ነጠብጣብ ይሆናል፣ እንደገና ለመቀባትም ሁሉንም ማንሣት ግድ ይላል። እጀታውን ለብ አድርገው ንጹሕ የንብ ሰም በስሱ ይቀቡና ሲበርድ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት። ወፍራም ሰም አቧራ ይይዛል፤ አዳማ ውስጥ ደግሞ አቧራ አይጠፋም፣ በየሁለትና ሦስት ወሩም ሰሙን ማደስ ያስፈልጋል።

ሲገጥሙ ሁለቱን እጀታዎች በሚያገናኘው አራት ማዕዘን ብረት ላይ ጥቂት ግሪስ ይቀቡ። የጎኑን ትንሽ ብሎን እጀታው መወዛወዙን እስኪያቆም ብቻ ያጥብቁት፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይላጫል።