ኬሞ የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ ቴርሞሜትር ግዙ

ኮቪድ በ2012 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ሁላችንም ማስክና ሳኒታይዘር ፍለጋ ተሯሯጥን። ኬሞቴራፒ (ኬሞ የምንለውን የካንሰር መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ ግን ቴርሞሜትርም የግድ ነው። ኬሞ ኢንፌክሽን የሚከላከሉልንን ነጭ የደም ሴሎች ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ በጣም የሚወርዱት መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ "እስኪ ይንጋ" አይባልም። ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ሆስፒታል ነው። ሐኪም ሳታማክሩ ፓራሲታሞል አትስጡ፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል።

ከባዱ ነገር ጠያቂ ነው። የእኛ ሰው የታመመ ሳይጠይቅ አያድርም፤ መጥቶም አገላብጦ ይስማል። እናም በር ላይ የሚቆም አንድ ደፋር ዘመድ መድቡ። "በስልክ ጠይቁት" ይበል፤ የሚቀየም ይቀየም! የግድ የሚገባ ካለ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ማስክ አድርጎ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ። ጉንፋን የያዘው ጭራሽ አይግባ። ክትፎ ይዞ የመጣም ካለ በደንብ ይብሰል፤ ጥሬና ለብለብ ለጊዜው ይቅር።

ኮቪድን ፈርቶ የኬሞ ቀጠሮ መዝለልም አደጋ አለው። መጀመሪያ ለሐኪሙ ደውሉ። ክትባት መቼ መውሰድ እንዳለበትም በዚያው ጠይቁ።