ከጨጓራ ማሳነሻ ኦፕራሲዮን በኋላ እንዴት እንብላ? ከባሕር ዳር ገበታ የተማርኩት

አዲስ አበባ ተሠርቼ ባሕር ዳር የገባሁ ዕለት ቤታችንን ሰው ሞልቶት ነበር። እናቴ ዶሮ ሠርታለች። አክስቴ ትኩስ የአሳ ወጥ በድስቱ ይዛ መጥታለች። እኔ የምችለው ግን ውኃ በማንኪያ ብቻ ነው። አክስቴ ጉርሻውን ጠቅልላ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!" ስትለኝ እጇ አፌ ድረስ ደርሶ ነበር። እምቢ ማለቱ ከቁስሉ በላይ አመመኝ። ቁስሉን እንዴት እንደምይዝ ሐኪሞቹ በደንብ ነግረውኛል። ገበታውን እንዴት እንደምይዝ የነገረኝ ግን አልነበረም።

ሁለት ዓመት አለፈኝ። የተሠራሁት ስሊቭ የሚባለውን ነው። ከጨጓራው ሦስት አራተኛ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ነው። ባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት ላይ ትንሽ ከረጢት ለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛል። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ለሁለቱም ይሆናል። ሐኪማችሁ የሰጣችሁ ወረቀት ሌላ ካለ ግን ወረቀቱን ስሙ።

ገና ሳትሠሩ ቤት ውስጥ ጠበቃ ያዙ

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ምረጡና ሁሉንም አስረዱት። የእኔ ጠበቃ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ጎረቤት ምግብ ይዞ ሲመጣ በር ላይ ተቀብሎ የሚያመሰግነው እሱ ነው። "አልፈልግም" ስትሉ ሰው ይቀየማል፤ "ሐኪም ከልክሏታል" ሲባል ግን ማንም አይከራከርም። ይህን ቃል ለቤተሰቡ በሙሉ አስጠኑ።

ዕቃም ቀድማችሁ አዘጋጁ። ጁስ መፍጫ፣ የሻይ ማንኪያ፣ ማጥለያ፣ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያ። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፦ ፈሳሽ ብቻ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃና የተጣራ መረቅ ነው። ቀጥሎ ወተት፣ በውኃ የቀጠነ እርጎ፣ ስኳር የሌለው ቀጭን አጥሚት ይጨመራል። ሁሉም እየተጎነጨ ነው የሚጠጣው። አንዴ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ሁለት። ብርጭቆ አንስታችሁ ግጥም ካደረጋችሁት ደረታችሁ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስላችኋል።

ቀስ በቀስ በቀን 1.5 ሊትር መድረስ አለባችሁ። ባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቷ አይጣል ነው፤ ውኃ ሳይታወቃችሁ ያልቅባችኋል። ሽንታችሁ ከጠቆረ ወይም ስትነሱ ካዞራችሁ ጠጥታችሁ አልጠጣችሁም ማለት ነው። እኔ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሦስት ደርድሬ ጠዋት እጀምር ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት የመጀመሪያው፣ 10 ሰዓት ላይ ሁለተኛው፣ ሳልተኛ ሦስተኛው ባዶ መሆን አለበት።

ከ3ኛው ሳምንት፦ አሳ በሲኒ

ከዚህ በኋላ የተፈጨ ምግብ ይጀመራል። እዚህ ላይ ጣና ዳር መኖር ትልቅ ዕድል ነው። አሳ ለስላሳ ነው፣ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ለአዲሱ ጨጓራ አይከብድም። እኔን ያቆመኝ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቀረሶ፣ ማለትም ቲላፒያ የሚባለውን አሳ ግዙ። ነጭ አሳ ጣዕሙ ግሩም ቢሆንም ሥጋው ውስጥ ቀጫጭን አጥንት ተሰግስጎበታል፤ ለዚህ ጊዜ አይሆንም። አጥንቱ ወጥቶ የተዘጋጀውን ሥጋ 100 ግራም ያህል ድስት ውስጥ አድርጉና ውኃ እስኪሸፍነው ብቻ ጨምሩ። ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥፍር የምታክል ዝንጅብል፣ ቁንጥር ጨው ይበቃዋል። በርበሬና ሚጥሚጣ ለጊዜው ይቆዩ። በመካከለኛ እሳት 10 ደቂቃ አካባቢ ይንተክተክ። በሹካ ሲነካ በንጣፍ በንጣፉ ከተለያየ በስሏል።

አሁን አትቸኩሉ። አሳውን ሳህን ላይ አውጥታችሁ ብርሃን ወዳለበት ሂዱ። እጃችሁን ታጠቡና ሥጋውን በሁለት ጣታችሁ መሀል እያሻችሁ ዳስሱት። ዓይን የሚያልፈውን አጥንት ጣት ያገኘዋል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስትዳስስልኝ አሁንም ይታየኛል፤ ሁለቴ ሳትፈትሽ ሰጥታኝ አታውቅም። ከዚያ የራሱን መረቅ እየጨመራችሁ ፍጩት። ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ልክ ነው። ሎሚ ጠብ አድርጉበት።

ማቅረቢያውስ? ሳህን ላይ ሲሆን ያሳዝናል፤ ትንሽ ሆኖ ይታያል፣ ቤተሰብም ያዝናል። የቡና ሲኒ አንስቼ በመርፌ መለኪያ ውኃ እየሞላሁ ለካኋት። 75 ሚሊ ሊትር ያዘች። ያቺ ሲኒ ሳህኔ ሆነች። በሲኒ ሲሆን ሙሉ ነው፤ ዓይንም ይጠግባል። ጨርሻት ለመነሳት 25 ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። መጨረስም ግዴታ አይደለም።

ሌላ ቀን በደንብ የተፈጨ የምስር አልጫ፣ ልል የተሠራ እንቁላል፣ የላመ አይብ በእርጎ አዙሩ። ቀጭን ሽሮም ይሆናል፤ ዘይቱ ግን ይቀነስ። የምትፈልጉት በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም የበሰለ አሳ 20 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ላይ መድረስ ይከብዳል። ስለዚህ ከፕሮቲኑ ጀምሩ፣ ሌላው ቦታ ከተረፈ ይግባ።

እንጀራ መቼ?

ከ5ኛው ሳምንት ገደማ ለስላሳ ምግብ፣ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ባለው ደግሞ እንደየሰዉ መደበኛው ምግብ ይመጣል። የመጀመሪያዋ እንጀራዬ የመዳፌን ግማሽ ታክላለች። ስስ ይሁን፤ በደንብ ታኝኮ ይዋጥ። እውነቱን ለመናገር እንጀራ ከልካዩ ብዙ ባይሆንም ቦታ ይይዛል። ለወጡ የሚሆነውን ቦታ ቀምቶ ፕሮቲን ሳትበሉ ያጠግባችኋል።

ከእንጀራ ይልቅ የሚያስቸግሩት ትኩስ ድፎ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ገንፎና ሩዝ ናቸው። ተጣብቀው እንደ ሊጥ ይሆኑና መሀል ላይ ይቀራሉ። የፎገራ ሩዝ በየቤታችን ስላለ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ደረቅ ጥብስና ጥሬ ሥጋ ይቆዩ። ቆሎና ፈንዲሻም ወራት ይጠብቁ።

ሁሌም የሚሠሩ ሦስት ልማዶች አሉ። ጉርሻው የጣት ጥፍር አይብለጥ፣ 20 ጊዜ እና ከዚያ በላይ ይታኘክ። ስትበሉ አትጠጡ፤ ከበላችሁም በኋላ 30 ደቂቃ ታገሱ። ሦስተኛው ምልክቱን ማወቅ ነው። የድሮው ጥጋብ ሆድ ሲወጠር ነበር። የአሁኑ በሌላ መንገድ ይመጣል። አንዱን ስቅ ይለዋል፣ አንዱን ያስነጥሰዋል። እኔን አፍንጫዬን ውኃ ውኃ ይለኛል። ያኔ እጄን እታጠባለሁ። "አንድ ብቻ ልጨምር" ያልኩ ቀን ጓሮ ቆሜ አስታውኬያለሁ።

ጉርሻና የጋራ ትሪ

አብሮ መብላት ፍቅራችን ነው፤ እሱን አትተዉ። ግን ከጋራ ትሪ ስትበሉ ምን ያህል እንደበላችሁ አታውቁትም፣ የሌሎቹም ፍጥነት ይጎትታችኋል። እኔ ሲኒዬን ይዤ ትሪው አጠገብ እቀመጣለሁ። ድርሻዬን ከወጡ በሲኒ ቀድሜ አወጣለሁ። እጄ ሥራ እንዳይፈታ እኔው ለሌላው አጎርሳለሁ። ይህ ብልሃት ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ፤ የሚያጎርስን ሰው ማንም "ብላ" አይለውም።

ጉርሻ ከመጣና እምቢ ማለት ካልሆነላችሁ በእጃችሁ ተቀበሉ፣ መርቁ፣ ከፍላችሁ ቅመሱ። ሌላውን ሲኒው ጥግ ላይ አስቀምጡት። ትልልቅ ሰዎች ተቀባይነቱን እንጂ መዋጡን አይቆጥሩም።

ቡና፣ ለስላሳ፣ ጠላ

ቡና ለመጀመሪያው ወር ገደማ ይቅር። ከዚያ በኋላ የዘጌ ቡና ያለ ስኳር፣ ከምግብ ራቅ ብሎ ይሁን፤ አቦሉ ይበቃል። ለስላሳና ጋዝ ያለው ውኃ ሆድ ይነፋሉ።

ስኳር በተለይ ባይፓስ ለተሠራ ሰው አደገኛ ነው። ጣፋጭ በተበላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል፤ ዳምፒንግ ይሉታል። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ደግሞ ከበፊቱ በጣም ፈጥነው ደም ውስጥ ይገባሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሶ ተዉት።

ክኒኖቹ የዕድሜ ልክ ናቸው

ይህን ቸል ያለ ሰው ከዓመት በኋላ ይከፍልበታል። መልቲቫይታሚን፣ ቢ12፣ ብረት፣ ቫይታሚን ዲ እና ካልሲየም ያስፈልጋሉ። ካልሲየም በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ነው፤ አንዴ ግን ከ500 ወይም 600 አይበልጥም። ካልሲየም ሲትሬት የሚባለው ዓይነት ይመረጣል። ከፋርማሲው ካጣችሁት ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለውን ከምግብ ጋር ውሰዱ። ብረትና ካልሲየም ይጣላሉ፤ ቢያንስ 2 ሰዓት አራርቋቸው። ብረትን በሻይና በቡና አትዋጡ። የደም ምርመራ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ አድርጉ።

ራስ ምታት ሲይዛችሁ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትግዙ። ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ባይፓስ ላይ ደግሞ ይብሳል። ፓራሲታሞል ይበቃችኋል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መጠኑ በሳምንታት ውስጥ ሊበዛባችሁ ስለሚችል ክትትሉን አትዝለሉ።

ጾም

የነፍስ አባታችሁን ከኦፕራሲዮኑ በፊት አነጋግሩ። እኔ ከተሠራሁ በኋላ ነበር የሄድኩት፤ ሳምንት ሙሉ ኅሊናዬ ሲወቅሰኝ ከረመ። የነፍስ አባቴ ግን "ሕመምተኛ ነሽ፣ እስክትጠኚ ብይ" ብለው አሰናበቱኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ውኃ ሳይጠጡ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሙስሊም እህት ወንድሞቼም ለረመዳን ሐኪማቸውንና የሃይማኖት አባቶቻቸውን አስቀድመው ይጠይቁ።

ሲበረታላችሁ ጾሙን በዕቅድ ጹሙት። በዓቢይ ጾም 55 ቀን አሳ እንኳ ለብዙዎቻችን የለም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና የአኩሪ አተር ወተት ይተኩታል። ጸበልም ስትጠጡ በጆግ አይሁን፤ እንደ መድኃኒታችሁ ጎንጨት እያላችሁ ጠጡ።

ሰውነታችሁ ሲለወጥ

ከሆስፒታል ጀምሮ ተራመዱ፤ እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። እኔ በሁለተኛው ወር ሐይቁ ዳር ዘንባባዎቹ ሥር፣ በኋላ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ እሄድ ነበር። ርዝመቱ 380 ሜትር ስለሆነ ደርሶ መልሱን መቁጠር ቀላል ነው። ከባድ ዕቃ ግን ለ6 ሳምንት አታንሱ፤ ጀሪካን ለሌላ ሰው ይተው።

ከ3ኛው ወር ጀምሮ ፀጉር ይረግፋል። አለቀስኩ፤ ግን ተመልሶ በቀለ። ሚዛኑም መሀል ላይ ለሳምንታት ቀጥ ይላል። ያ የሁሉም ነው። ሴቶች ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና ይቆይ፤ ክብደት ሲወርድ የመውለድ ዕድል በድንገት ይጨምራልና ተጠንቀቁ። ባይፓስ የተሠራች በሚዋጥ መከላከያ ብቻ አትተማመን።

ትኩሳት፣ ቁጭ ብላችሁ ልብ በደቂቃ ከ120 በላይ መምታት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የማያስቆም የሆድ ሕመም፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ ጥቁር ሰገራ ካያችሁ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ውኃ እንኳ አልቀመጥ ብሎ ቀን ካለፈም እንዲሁ። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ ኦፕራሲዮኑን ተናገሩ፤ የመውጫ ወረቀቱ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይኑር። ለቀናት ስታስታውኩ ከነበረ ግሉኮስ ከመንጠልጠሉ በፊት ቫይታሚን ቢ1 እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያው ፋሲካ

ከሌሊቱ ቅዳሴ መልስ ሁሉም ተርቦ ሲቀመጥ እናንተም ከእነሱ ጋር ትቸኩላላችሁ። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሳችሁ መጀመሪያ ውኃ ተጎንጩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከዶሮው ወጥ እንቁላሉን ግማሽ፣ ከዚያ ከሥጋው ለስላሳውን በትንሹ ቅመሱ። ቅቤው ከላይ ይቀነስላችሁ። ቁሌቱን በማንኪያ ጫፍ፣ እንጀራውን መጨረሻ ላይ። ቀሪውን ከሦስት ሰዓት በኋላ ትበሉታላችሁ፤ እናቴ ድስቱ ሥር የእኔን ድርሻ በሲኒ ከድና ታስቀምጣለች።