በጋራ ሰርቨር ላይ ነባሩን ሳይነኩ ወደ አዲስ ጂሲሲ መሻገር

ያወረዳችሁት ኮድ ሲ ፕላስ ፕላስ 17 ይፈልጋል፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ጂሲሲ (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር) ግን እንዲህ ያለ አማራጭ አላውቅም ብሎ ይመልሳችኋል። ከስርዓተ ክወናው ጋር የመጣ ኮምፓይለር ስርዓቱ ዕድሜውን እስኪጨርስ አብሮት ስለሚኖር የሚጠበቅ ነገር ነው። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 እና ሴንትኦኤስ 7 የያዙት ጂሲሲ 4.8.5 ነው። የሬድ ሃት 8ኛው ስሪት ጂሲሲ 8ን፣ 9ኛው ጂሲሲ 11ን ይዟል።

መፍትሔው በ/ዩዝር/ቢን ያለውን ጂሲሲ በአዲስ መተካት አይደለም። የከርነል ሞጁሎች የሚገነቡት በእሱ ነው፤ የሌሎች ተጠቃሚዎች ሥራም እሱ ላይ ቆሟል። አዲሱ ከነባሩ ጎን ይቀመጣል፣ የፈለገው ሰው በራሱ ሼል ውስጥ ያበራዋል። (ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍናቸው እንደሚነበቡት ነው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል አስገቧቸው።)

ያለውን ማየትና ማብራት

የሞጁል ስርዓት (የፕሮግራሞችን ልዩ ልዩ ስሪቶች በትእዛዝ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ) ያለው ሰርቨር ከሆነ «ሞጁል አቬይል ጂሲሲ» ያሉትን ስሪቶች ይዘረዝራል፤ «ሞጁል ሎድ» ከስሙና ከቁጥሩ ጋር ያበራል። ቁጥሩን ሁልጊዜ ጻፉ። ያለ ቁጥር የጫናችሁት ነባሪው ስሪት ነው፤ አስተዳዳሪው ነባሪውን የቀየረ ዕለት የእናንተም ግንባታ ሳታውቁት ይቀየራል።

ሞጁል ከሌለና ስርዓቱ ሬድ ሃት ወይም የእሱ ዘር ከሆነ /ኦፕት/አርኤች የሚለውን ማውጫ ተመልከቱ። በስሪት 7 ላይ ጥቅሎቹ ዴቭቱልሴት፣ ከ8 ወዲህ ጂሲሲ-ቱልሴት ይባላሉ። አስተዳዳሪው አንዴ ከጫናቸው ማንም ተጠቃሚ ያለ ሩት (የአስተዳዳሪ) ፈቃድ ያበራቸዋል፦

ሶርስ /ኦፕት/አርኤች/ጂሲሲ-ቱልሴት-13/ኢኔብል

ብዙ መመሪያዎች በዚህ ፈንታ «ኤስሲኤል ኢኔብል … ባሽ» ይላሉ። እሱም ይሠራል፣ ግን አዲስ ሼል ነው የሚከፍተው። ይህንን መስመር ሼል በተከፈተ ቁጥር በሚነበበው ባሽአርሲ ፋይል ውስጥ ያስገባ ሰው ሼሉ ሌላ ሼል፣ ያም ሌላ እየከፈተ መግቢያው ይቆለፍበታል። ሶርስ ግን ያንኑ ሼል ነው የሚያስተካክለው። በእርግጥ ሶርሱንም ቢሆን ባሽአርሲ ውስጥ ባታስቀምጡት ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አንዲት ትንሽ ስክሪፕት አዘጋጅታችሁ ስትፈልጉ ብቻ በሶርስ ጥሯት።

ካበራችሁ በኋላ «ሃሽ -አር» በሉ፤ ባሽ ቀድሞ ያገኘውን ፕሮግራም አድራሻ ስለሚያስታውስ አንዳንዴ አሮጌውን መጥራቱን ይቀጥላል። ከዚያ የጂሲሲን፣ የጂ++ን እና የጂፎርትራንን ስሪት ለየብቻ ጠይቁ። ሦስቱ አንድ ቁጥር ካልሰጡ ከጥቅሎቹ አንዱ (ለምሳሌ የፎርትራኑ) አልተጫነም ማለት ነውና ወደፊት አትሂዱ።

ግንባታው ከባዶ ይጀመር

ችግሩ በብዛት የሚወለደው እዚህ ነው። ሲሜክ (ግንባታውን የሚያዘጋጀው መሣሪያ) ኮምፓይለሩን የሚመርጠው መጀመሪያ ሲሮጥ ብቻ ነው፤ ምርጫውን ሲሜክካሽ.ቲኤክስቲ ውስጥ ይጽፈዋል። አዲሱን ብታበሩም በድሮው የግንባታ ማውጫ ውስጥ እስካላችሁ የሚሠራው አሮጌው ነው። ማውጫውን ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ ሲሲ፣ ሲኤክስኤክስ እና ኤፍሲ የሚባሉትን ተለዋዋጮች ወደ አዲሶቹ አመልክታችሁ እንደገና ጀምሩ። «ሜክ ክሊን» ብቻውን አይበቃም።

በአሮጌው የተገነባ ላይብረሪ ከአዲሱ ጋር ይስማማል ወይ? ሲ ከሆነ በአብዛኛው አዎ። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ጂሲሲ 5 የስትሪንግንና የሊስትን ውስጣዊ አቀማመጥ ስለቀየረ፣ በ4.8 የተገነባ ላይብረሪ ከአዲስ ኮድ ጋር ሲገናኝ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» የሚል ስህተት ይወጣል፤ የጎደለው ስም ውስጥ «ሲኤክስኤክስ11» የሚል ቁራጭ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። በሬድ ሃት 7 ያለው ዴቭቱልሴት ግን ሆነ ብሎ በድሮው አቀማመጥ ስለሚገነባ፣ ሌላ ቦታ ከተገነባ ላይብረሪ ጋር ሲገናኝ በተቃራኒው በኩል ይሰበራል።

ፎርትራን የባሰ ነው። የሞድ ፋይሎች (ኮምፓይለሩ ከፎርትራን ሞጁሎች የሚያወጣቸው) ቅርጽ በኮምፓይለሩ ትውልድ ይለያያል፤ የሩጫ ላይብረሪውም ሊብጂፎርትራን እስከ ጂሲሲ 6 ቁጥር 3፣ በ7 ላይ ቁጥር 4፣ ከ8 ወዲህ ቁጥር 5 ነው። ስለዚህ እንደ ኤምፒአይ (በብዙ ፕሮሰሰር ለሚሮጡ ፕሮግራሞች የመገናኛ ላይብረሪ) እና ኔትሲዲኤፍ (የሳይንስ መረጃ ፋይሎች ላይብረሪ) ያሉትን በዚያው ኮምፓይለር የተገነቡትን መርጣችሁ ጫኑ። ኤምፒአይሲሲ (የኤምፒአይ ኮምፓይለር መጥሪያ) ከጀርባው ማንን እንደሚጠራ በኤምፒአይሲኤች «-ሾው»፣ በኦፕን ኤምፒአይ «--ሾውሚ» ያሳያችኋል።

አዲሱ ኮምፓይለር ጠንከር ማለቱንም ጠብቁ። ከጂሲሲ 10 ወዲህ በሄደር ውስጥ የተገለጸ ግሎባል ተለዋዋጭ «መልቲፕል ዴፊኒሽን» ያስነሳል፤ «-ኤፍኮመን» ለጊዜው ያልፈዋል። የቆየ ፎርትራን በዚያው ስሪት የአርጉመንት አለመመሳሰል ስህተት ይሰጣል፤ «-ኤፍአላው-አርጉመንት-ሚስማች» ወደ ማስጠንቀቂያ ያወርደዋል። ጂሲሲ 14 ደግሞ ሳይታወጅ የተጠራ የሲ ፈንክሽንን እንደ ስህተት ይቆጥራል፤ እዚህ ላይ አማራጭ ከመደርደር ኮዱን ማረም ይቀላል። ኩዳ (የኤንቪዲያ የጂፒዩ ፕሮግራሚንግ መሣሪያ) ለምትጠቀሙ፦ እያንዳንዱ የኩዳ ስሪት የሚቀበለው የጂሲሲ ጣሪያ አለው። የ11.8 ጣሪያ ጂሲሲ 11 ነው፤ ከዚያ ያለፈ ከሆነ ለኩዳው ኮምፓይለር ለኤንቪሲሲ በ«-ሲሲቢን» ሌላ ኮምፓይለር ስጡት።

ሲሮጥ

በተሳካ ግንባታ ማግስት የሚመጣው ስህተት «ጂሊብሲኤክስኤክስ_3.4.29 ኖት ፋውንድ» ይመስላል። ፕሮግራሙ በጂሲሲ 11 ወይም ከዚያ በላይ ተገንብቶ ሲነሳ ግን ያገኘው የድሮውን ሊብስታንዳርድሲ++ ነው፤ የ4.8 ላይብረሪ 3.4.19 ላይ ያበቃል። «ኤልዲዲ» በፕሮግራሙ ላይ አስኪዱና ላይብረሪው ከየት እንደሚነሳ እዩ። ሞጁሉ የስሌት ኖዱ (ሥራው የሚሮጥበት ኮምፒውተር) ላይ አልተጫነ ይሆናል፤ ወይም ኮንዳ (የጥቅል አስተዳዳሪ ፕሮግራም) የራሱን ቅጂ አስቀድሞ ይሆናል። በዴቭቱልሴትና በጂሲሲ-ቱልሴት የተገነባ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም አዲሶቹን ክፍሎች በውስጡ ይዞ የቀረውን ከስርዓቱ ስለሚወስድ ይህ ጣጣ አያገኘውም፤ ምርጫ ካላችሁ እነሱን መምረጥ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። በሌላው ጂሲሲ «-ስታቲክ-ሊብስታንዳርድሲ++» እና «-ስታቲክ-ሊብጂሲሲ» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ።

ስሙ ላይ ኤክስኤክስ ከሌለው፣ ማለትም «ጂሊብሲ_2.28» ከሆነ፣ ጉዳዩ ከኮምፓይለር ጋር አይገናኝም። የስርዓቱ ዋና የሲ ላይብረሪ ነው ያረጀው (በስሪት 7 ላይ 2.17 ነው)፤ የትኛውም ጂሲሲ አይለውጠውም። ፕሮግራሙን እዚያው ሰርቨር ላይ ከምንጩ ገንቡት፣ አለዚያ አፕቴይነርን በመሰለ ኮንቴይነር ውስጥ አስኪዱት።

በስለርም (ሥራዎችን ወረፋ አስይዞ ለስሌት ኖዶች የሚያከፋፍል ስርዓት) ለሚሮጥ ሥራ የሞጁል ትእዛዞቹን የሥራው ስክሪፕት ውስጥ ጻፉ፤ መጀመሪያ «ሞጁል ፐርጅ»፣ ከዚያ የሚፈለጉት ከነቁጥራቸው። ኤስባች (ሥራውን ወደ ስለርም የሚልከው ትእዛዝ) የላካችሁበትን ሼል ሁኔታ ይዞ ስለሚሄድ ያለዚህም ይሠራል፤ ከሌላ ተርሚናል የላካችሁት ዕለት ግን ይቆማል።

መግቢያው ኖድ ላይ በ«-ማርች=ኔቲቭ» (ለዚያው ማሽን ሲፒዩ እንዲስማማ በሚያደርገው አማራጭ) የገነባችሁት ፕሮግራም አሮጌ ሲፒዩ ያለው የስሌት ኖድ ላይ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይወድቃል። ወይ በዚያው ኖድ ላይ ገንቡ፣ ወይ ከሁሉም ያረጀውን ሲፒዩ ስም በቦታው አስገቡ።

የቁጥር ውጤታችሁ በመጨረሻዎቹ አኃዞች ቢለወጥም አትደንግጡ። ሲፒዩው ኤፍኤምኤ ካለውና ማርች ከፈቀደለት ጂሲሲ ማባዛትንና መደመርን በአንድ ማጠጋጋት ያዋህዳል። በ«-ኤፍኤፍፒ-ኮንትራክት=ኦፍ» እንደገና ገንብታችሁ ከድሮው ውጤት ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱ ከጠፋ ምንጩ ይህ ነበር፤ ካልጠፋ ደግሞ በ«-ኦ0» ገንብታችሁ ያልተመደበ ተለዋዋጭ ፈልጉ።