ቲ ሴሎች ለሳልሞኔላ የሚሰጡትን ምላሽ በአይጥ እንዴት እንለካለን?

ሳልሞኔላ በአብዛኛው የሚሸሸገው ማክሮፋጅ በተባሉት ባክቴሪያ ዋጭ ሴሎች ውስጥ ነው፤ እነዚህን ሴሎች ኢንተርፌሮን ጋማ በተባለ ሳይቶካይን (ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን) የሚያበረቷቸው ደግሞ በዋነኛነት ሲዲ4 ቲ ሴሎች (ሲዲ4 የተባለ ፕሮቲን በገጻቸው ያላቸው የበሽታ ተከላካይ ሴሎች) ስለሆኑ ልኬቱ በእነሱ ላይ ቢያተኩር ይመረጣል።

በመጀመሪያ የአይጡና የባክቴሪያው ዝርያ አብረው ይመረጡ። ሲ57ብላክ6 የተባሉት አይጦች ኤንራምፕ1 የተባለው፣ ባክቴሪያን ለመቋቋም የሚረዳው ጂናቸው ጉድለት ስላለበት፣ ታይፊሙሪየም በተባለው የሳልሞኔላ ዓይነት ኃይለኛ (ያልተዳከመ) ዝርያ ከተያዙ የቲ ሴል ምላሻቸው ሳይጎለብት ይሞታሉ። ስለዚህ ለእነሱ አሮኤ የተባለው ጂኑ ተነሥቶ የተዳከመው ባክቴሪያ ይሰጣቸዋል። በኃይለኛው መሥራት የግድ ከሆነ 129 የተባለው የአይጥ ዝርያ ይሻላል።

የተዳከመው ባክቴሪያ እንኳ ከሰውነት ለመጽዳት ሳምንታት ስለሚወስድበት ናሙና በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ይወሰድ። ጣፊያው ተፈጭቶ ቀይ የደም ሴሎቹ ከተወገዱ በኋላ ቀሪዎቹ ሴሎች ለጥቂት ሰዓታት ይነቃቃሉ፤ ሳይቶካይኑ ከሴሉ እንዳይወጣም ብሬፈልዲን ኤ ይጨመራል። ከዚያም የሴሉን ዓይነት ለመለየት ገጹ ይቀለማል፣ ሴሉ በፎርማልዲሃይድ ይጸናል፣ ሽፋኑ ተበስቶም ኢንተርፌሮን ጋማው ይቀለማል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በማነቃቂያው ምርጫ ላይ ነው። በሙቀት የተገደለ ሳልሞኔላ ሊፖፖሊሳካራይድ (የባክቴሪያው ውጫዊ ሽፋን ክፍል የሆነ ሞለኪውል) ስላለው፣ በኢንፌክሽኑ ቀድመው የነቁ ቲ ሴሎች የሚለዩት አንቲጅን (የባክቴሪያው ቁራጭ) ሳይቀርብላቸው፣ ሌሎች ሴሎች በሚያመነጩት እንደ ኢንተርሉኪን 18 ባሉ ሳይቶካይኖች ብቻ ኢንተርፌሮን ጋማ ሊያመነጩ ይችላሉ። ይህ እውነተኛ የመከላከያ መንገድ ቢሆንም «ሳልሞኔላን የሚለዩ ቲ ሴሎች» ተብሎ መቆጠር የለበትም። ስለሆነም ማነቃቂያ የሌለው፣ ሊፖፖሊሳካራይድ ብቻ ያለው፣ የተገደለ ባክቴሪያ ያለውና የፍላጀሊን (የባክቴሪያው ጅራት ፕሮቲን) ፔፕታይድ ማለትም አጭር ቁራጭ ያለው ቱቦ ለየብቻ ይዘጋጁ፤ ያልተያዘ አይጥም ለማነጻጸሪያ አይቅር።

ከፍላጀሊን 427ኛ እስከ 441ኛ አሚኖ አሲድ ያለውን ቁራጭ የያዘ ቴትራመር (ከቲ ሴሎች ጋር የሚጣበቅ ባለቀለም ሞለኪውል) ይህን ቁራጭ የሚለዩትን ቲ ሴሎች ያለ ማነቃቂያ ያሳያል። ይሁንና ባክቴሪያው ማክሮፋጅ ውስጥ ሲገባ የፍላጀሊን ምርቱን ስለሚቀንስ፣ ቴትራመሩ ጥቂት ሴል ብቻ ማሳየቱ ምላሹ ደካማ ነው አያሰኝም።

ከጣፊያው ጥቂቱ አንቲባዮቲክ ሳይነካው በአጋር (ባክቴሪያ ማሳደጊያ ጄል) ላይ ተዘርቶ የባክቴሪያው ብዛት ይቆጠር። የቲ ሴሉ ቁጥር ምን ያህል ጥበቃ እንዳስገኘ የሚመዘነው ከዚያው አይጥ ከተገኘው የባክቴሪያ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ነው።