ባልዲ ይዘህ ና፦ ድሬ ላይ የኮሌጅ ቮሊቦል እንዴት ይደገፋል

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ደውሎ «የኮሌጁ ሴቶች ጨዋታ ልመጣ ነው፣ መግቢያው ስንት ነው?» አለኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። መግቢያ የለም አቦ። ወንበርም የለም። ያለው አንድ የአፈር ሜዳ፣ ሁለት ብረት፣ አንድ መረብና አጥሩ ጥግ የቆሙ ሁለት ሦስት የኒም ዛፎች ናቸው፣ ከዛ ውጪ ያለውን ሁሉ ይዞ የሚመጣው ደጋፊው ነው። ለሱ በስልክ ያስረዳሁትን ለሌላውም ልጻፈው ብዬ ነው፣ ምክንያቱም በየዓመቱ አዲስ ደጋፊ ይመጣል፣ በየዓመቱም ያንኑ ስህተት ይሰራል። (አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ አንቺም ያው ነሽ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አልለመደብንም፣ አትቀየሙኝ።)

ጨዋታው 10 ሰዓት ከሆነ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ላይ ሁን። ባልዲ ይዘህ። የኛ አፈር አሸዋማ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሳል፣ ሜዳው ውሃ ካልጠጣ ልጆቹ ወድቀው ኳስ ባነሱ ቁጥር አቧራውን የሚውጡት እነሱ ናቸው። ውሃው ሁለቴ ነው የሚረጨው። አንዴ ጠገብ አድርገህ፣ ከዛ ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው በስሱ። አንድ ጊዜ በፍቅር ብዛት አጥለቅልቀነው ጭቃ ሆኖ የራሳችን መቺ ተንሸራታ በቂጧ ቁጭ ብላለች፣ እስካሁን ስታየኝ ቁርሾዋን አልረሳችም።

ቀጥሎ መስመር። ሜዳው 18 በ9 ሜትር ነው፣ ከመረቡ በሁለቱም በኩል 3 ሜትር ላይ ደግሞ የማጥቂያ መስመር አለ። ሲባጎ ወጥረህ በኖራ አስምር። በዓይን እገምታለሁ የሚል ሰው ካለ ኖራውን ተቀበለው።

መረቡን ግን አደራ። አደራ የምለው ከደረሰብን ተነስቼ ነው። የሴቶች መረብ ከፍታው 2 ሜትር ከ24 ነው፣ የወንዶቹ 2 ሜትር ከ43። አንድ ቀን ጠዋት ወንዶቹ ተጫውተው ሄደው፣ ከሰዓት የኛ ሴቶች ገቡ፣ መረቡን ዝቅ ያደረገ ሰው ግን አልነበረም። የመጀመሪያውን ዙር ሙሉ የመቷት ሁሉ መረብ ላይ ተለጠፈች። እኛ ዳር ላይ ሆነን «ዛሬ ምን ነካቸው? ቁርስ አልበሉም እንዴ?» እያልን እንበሳጫለን። ተጋጣሚዎቹም በዛው መረብ ነው የተጫወቱት፣ ግን እነሱ ነካ አድርገው ባዶ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ይችሉበታል፣ የኛዎቹ በዛን ጊዜ ከስማሽ (ዘሎ በኃይል ከመምታት) ውጪ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ዙሩ ካለቀ በኋላ ነው አንድ ልጅ መጥቶ እጁን ዘርግቶ ለካው። 19 ሳንቲሜትር! ከዛ ቀን ጀምሮ 2 ከ24 ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ዱላ አለን፣ መሃል ላይ አቁመን እንለካለን።

አንድ ሌላ ችግር በርጫ ነው። የድሬን ከሰዓት ታውቀዋለህ፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ ጥላ ይይዛል፣ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ወጉ የሚሞቅበት ሰዓት ነው። መቃም አትቃም አልልህም፣ አባትህ አይደለሁም። ግን ምርቃና ይዞት የመጣ ደጋፊ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ዝም ብሎ ኳሷን በዓይኑ ይከተላል፣ ሌላው አሰልጣኝ ይሆናል። ሁለተኛው ከሆንክ ከተቀያሪዎቹ ራቅ ብለህ ቁም።

የት ልቁም ካልክ፣ የኛ ሜዳ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። ማን እንዳቀደው እሱ ይወቅ። በምሥራቁ በኩል የሚጫወት ቡድን ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች፣ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ከፍ ብላ የመጣች ኳስ አትታይም። ቡድኖቹ በየዙሩ ቦታ ይቀያየራሉ፣ ስለዚህ የኛዎቹ ፀሐይ ላይ ሲሆኑ ነው ድምፅህ የሚያስፈልገው። ጥላ ላይ ሲሆኑ ትንሽ አርፈህ ለውዝህን ብላ። የባቢሌ ለውዝ ይዘህ ና፣ ሳምቡሳና ባጂያ በር ላይ ይሸጣል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ግን ለራስህ ብቻ እንዳትይዝ።

ጨዋታውን ራሱን ማየት መማር አለብህ። ኳስ ድሬ ላይ እግር ኳስ ስለሆነ ብዙ ሰው ቮሊቦልንም በእግር ኳስ ዓይን ነው የሚያየው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ጨዋታዬ ላይ ዳኛው ላይ ጮኬያለሁ። ከኛ ተጋጣሚዎች አንዷ ማልያዋ ከጓደኞቿ የተለየ ቀለም ነው፣ ደግሞ ሳያስፈቅዱ ትገባለች ትወጣለች። «ዳኛ! ሰባተኛ ሰው አስገቡ እኮ!» እያልኩ ከአጥሩ ልዘል ምንም አልቀረኝም። አጠገቤ የነበሩ ሴትዬ ክንዴን ይዘው «ሊቤሮ ናት፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ሊቤሮ ማለት ከኋላ ሆና ኳስ ማንሳት ብቻ የተሰጣት ልጅ ናት። ደንቡ ውስጥ የገባችው በ1998 በፈረንጆቹ ነው። ብሎክ አትገባም (መረብ ላይ ዘላ ኳስ አትከለክልም)፣ ሰርቭ፣ ማለትም ማስጀመሪያዋን ኳስ፣ አትመታም፣ ከኋላ መስመር ተጫዋቾች ጋር እንደፈለገች ትቀያየራለች። አሁን እኔ ጨዋታ የምሄደው ለሊቤሯችን ብዬ ነው ብል ውሸት አይሆንም፣ ነጥብ አታስቆጥርም፣ ስሟም አይጠራም፣ ግን ክርኗን አይተኸው ታውቃለህ?

ሴትዮዋ ቡና ይሸጣሉ፣ የአቀባያችን (ለመቺዎቹ ኳስ የምታመቻቸው ልጅ) እናት መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። እግዜር ይስጣቸውና ቮሊቦልን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ነገሩኝ፣ አንተም ያዘው፦ አቀባይዋ የት እንዳለች ቁጠር። ልጆቹ የሰርቭ ተራውን ከተጋጣሚ በወሰዱ ቁጥር በሰዓት አቅጣጫ አንድ ቦታ ይሸጋገራሉ። አቀባይዋ ከኋላ መስመር ስትሆን ፊት ላይ ሦስት መቺ አለ፣ ፊት ስትመጣ ሁለት ብቻ ይቀራል። ቡድን የሚንገዳገደው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጊዜ ነው። ይህን ካወቅህ መቼ መጮህ እንዳለብህ ማንም አይነግርህም።

ሌላውን ቶሎ ልበልልህ። ሰርቭ መረቡን ነክቶ ካለፈ ጨዋታው ይቀጥላል፣ «ይደገም!» አትበል። ሦስት ንክኪ ነው የሚፈቀደው፣ ብሎክ ላይ የተነካው ግን አይቆጠርም፣ ስለዚህ «አራት ነካች!» ከማለትህ በፊት አስብ። ዙሩ 25 ነጥብ ነው፣ አምስተኛው 15፣ ግን በሁለት ካልበለጡ አያልቅም። 24 ለ24 ሲሆን ስልክህን አታንሳ።

ድምፅን በተመለከተ። የኛ ልጅ ሰርቭ ልትመታ ስትቆም ዝም በል። ዳኛው ካፏጨ በኋላ ያላት 8 ሰከንድ ነው፣ በዛች 8 ሰከንድ ውስጥ «በርቺ በርቺ በርቺ» እያልክ ብትገባባት ኳሷ መረብ ላይ ነው የምትቀረው። ከመታች በኋላ ግን ልቀቀው። ከበሮ ካለህ አምጣ። ቋንቋ አትምረጥ፣ «በርቱ» ያለው በርቱ ይላል፣ በኦሮምኛ «ጀባዳ» የሚለው አለ፣ በሶማሊኛ «ጉል» የሚለው አለ፣ አንዳንዱ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ይቀላቅለዋል። አንድ ነገር ብቻ፣ «ወሪያ» የሚባለው ለወንድ ነው። በሴቶች ጨዋታ ላይ «ወሪያ! ወሪያ!» ብሎ ሲጮህ የዋለ ልጅ አለን፣ ሶማሊ ጓደኞቹ እስከዛሬ በዚህ ነው የሚጠሩት። «አቦ» ግን ለሁሉም ይሆናል፣ በሱ አትሳሳትም።

ስድብ የለም። ተጋጣሚም ላይ፣ ዳኛም ላይ፣ የራሳችንም ልጅ ላይ። ስድብህን የምትወረውረው ማን አጠገብ ቆመህ እንደሆነ አታውቅም፣ እናትየው ቡና እየቀዱልህ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የሊንከንን ነገር ላንሳ። አሜሪካ ነብራስካ ግዛት ውስጥ ያለች ከተማ ናት። የዩኒቨርሲቲው የሴቶች ቮሊቦል ቡድን ነሐሴ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. በእነሱ ፉትቦል ስታዲየም ውስጥ ሲጫወት 92,003 ሰው ገብቶ አይቷል። ለኮሌጅ ልጆች! ግዛቷ እንደ ኤንቢኤ ባሉ ትልልቅ ሊጎች የሚጫወት ቡድን የላትም፣ ሰዉ ፍቅሩን ያፈሰሰው ተማሪዎቹ ላይ ነው። እኛ ጋ ጥሩ ቀን ላይ ሁለት መቶ ሰው ቢመጣ ነው፣ ከሱም ግማሹ ባጃጁን አቁሞ የሚያይ ነው። ግን ያንን ቪዲዮ ሳይ «እነዚህ ሰዎች መስመር አስምረው አያውቁም» ብዬ ትንሽ ኮርቻለሁ፣ ምን ላድርግ።

በነገራችን ላይ ይህ ጨዋታ የተፈጠረው በ1895 ነው፣ እዛው አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ። በፈረንጆቹ ነው ታዲያ። ድሬ ደግሞ የተቆረቆረችው በ1895 ነው፣ በኛ አቆጣጠር፣ ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከብዶት እዚሁ ሜዳው ላይ ሲቆም። ሰባት ዓመት ገደማ ልዩነት አለው፣ ቁጥሩ ግን አንድ ነው፣ ማልያችን ጀርባ ላይ 95 ይጻፍ ብዬ ሦስት ጊዜ ሐሳብ አቅርቤ ሦስቴም ተስቆብኛል።

ድሬ ከባቡር የወረደ ሰው የሰራት ከተማ መሆኗን ያነሳሁት ለሌላ ነገር ነው። ቡድናችን ውስጥ ድሬ የተወለዱት ሦስት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ከደብረ ብርሃን፣ ከአርሲ፣ ከጅግጅጋ፣ ከየት ከየት የመጡ ናቸው። መጀመሪያ የመጡ ሰሞን በሙቀቱ ያለቅሳሉ፣ እውነቴን ነው፣ ማታ ማታ ፍራሽ አውጥተው ግቢ ካልተኛን ይላሉ። ስለዚህ የደጋፊ ትልቁ ሥራ ጨዋታ ቀን አይደለም። መስከረም ጥቅምት ላይ ነው። ቤትህ ቡና ሲፈላ ሁለቱን ጥራ። ቀፊራ ገበያ ላይ ማንጎ ከየትኛዋ እናት እንደሚገዛ አሳያቸው። ከከዚራ ወደ መጋላ ስትሻገር ባጃጁ ስንት እንደሚያስከፍል ንገራቸው፣ ካልነገርካቸው እጥፍ ይከፍላሉ። ክረምት ላይ ከቀሩ ደግሞ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አቋርጠው እንዳይሄዱ አጥብቀህ ንገራቸው፣ እኛ ጋ ሳይዘንብ ተራራው ላይ የዘነበው ነው ጎርፍ ሆኖ የሚመጣው፣ የ1998ቱን (በኛ አቆጣጠር) የሐምሌ መጨረሻ የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። ከደብረ ብርሃን የመጣችው ብሎከራችን በሁለተኛው ዓመቷ ስልክ ላይ ለእናቷ «አቦ እማዬ ደህና ነኝ» ስትል ሰምቼ ያን ቀን ለሁሉም ሻይ ጋብዣለሁ።

ከሜዳ ውጪ ጨዋታ ሲኖር ጃኬት ያዝ። ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ግን የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ሌላ አገር ነው። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስተህ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ገደማ ላይ ነህ፣ ልጆቹ ሲያሟሙቁ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ በሸሚዝ የሄደ ደጋፊ ደግሞ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። መጠምዘዣው ላይ የሚያስመልሰው ሰው ሎሚ ይያዝ። የሚኒባሱ ሒሳብ ከመነሳታችን በፊት ይሰብሰብ፣ ተሸንፈን ስንመለስ ማንም ኪሱን አይነካም።

ቅዳሜ ልምምድ አለ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይመጣ። ኖራውና ዱላው እኔ ጋ ነው። ባልዲው ግን ተቀዷል።