የቤተ መንግሥት ሴራ ያለበትን ልቦለድ ሰብሰብ ብሎ ለማውራት

እኛ ስድስት ነን። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት አንዳችን ቤት ቡና ይፈላል፣ መጽሐፍ ይወራል። ግለ ታሪክ ሲሆን ችግር የለብንም። ምናባዊ ዓለም ውስጥ ያለ ቤተ መንግሥት፣ ስሙ የማይያዝ ባለማዕረግ ሁሉ የሚርመሰመስበት ልቦለድ የያዝን ጊዜ ግን ጉድ ፈላ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ «ሰውዬው ክፉ ነው»፣ «ኧረ ደግ ነው» ተባብለን፣ ሁለት ሰው ተኳርፎ፣ ቡናውም ቀዝቅዞ ተበተንን። ከዚያ ወዲህ እየወደቅን እየተነሣን ያገኘነውን ዘዴ ነው የምጽፍላችሁ።

ምሳሌዬ «ዘ ጎብሊን ኤምፐረር» የሚባለው የእንግሊዝኛ ልቦለድ ነው። ሣራ ሞኔት ካትሪን አዲሰን በሚል የብዕር ስም ጽፋው በ2014 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ሎከስ የተባለው መጽሔት የሚሰጠውን የምርጥ ፋንታሲ (ምናባዊ ዓለም) ልቦለድ ሽልማት ወስዷል። ለእንዲህ ዓይነት ወሬ የሚመች መጽሐፍ ነው። ዘንዶ የለበትም፣ ጦር ሜዳ የለበትም፣ ሰው በአብዛኛው የሚዋጋው በደብዳቤና በእራት ግብዣ ነው። ማያ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ አለ። አባቱ የኤልፎች ንጉሠ ነገሥት ነው፣ እናቱ ጎብሊን ነበረች፤ ኤልፍና ጎብሊን በዚህ ምናባዊ ዓለም ያሉ ሁለት ሕዝቦች ናቸው። ከእናቱ ሞት በኋላ ከቤተ መንግሥት ርቆ፣ አንድ ቁጡ ዘመዱ እጅ ላይ ተጥሎ ነው ያደገው። ከዕለታት አንድ ቀን አባቱና ሦስት ታላላቅ ወንድሞቹ የተሳፈሩበት የአየር መርከብ ይወድቅና ሁሉም ያልቃሉ። ዘውዱ ማንም ባላሰበው ልጅ ራስ ላይ ሊወድቅ ነው። ይሄ ሁሉ መጀመሪያው ላይ ስላለ ታሪኩን አበላሸህብን አትበሉኝ። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምዕራፎች ወዲያ ያለውን አልነካም።

እሱ ራሱ የመጀመሪያው ነገር ነው። የት ድረስ አንብባችሁ እንደምትመጡ ተስማሙ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አይወራም። ስትስማሙ በገጽ ቁጥር አይሁን። ግማሹ ሰው በስልኩ ያነባል፣ ግማሹ ወረቀት ይዟል፣ ገጹ አይገጥምም። በምዕራፍ ይሁን። ጨርሶ ያነበበ ሰው ከመሐላችሁ ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ። በሌላ መጽሐፍ ጊዜ አንዷ ጓደኛችን ሁለቴ ያነበበች ነበረች። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፣ ግን የአንድ ባለሟል ስም በተነሣ ቁጥር ፈገግ ትላለች። በቃ፣ ሰውዬው ከሃዲ መሆኑን ሁላችንም አወቅን! አሁን ጨርሶ ለመጣ ሰው ሥራ እንሰጠዋለን፤ ማስታወሻ ይይዛል፣ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ይሁን።

ቀጥሎ ስሞቹ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚተወው ሴራው ከብዶት አይደለም፣ ስሙ አሰልችቶት ነው። ቫሬነቺበል፣ ኤድሬሃሲቫር… መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የስም ዝርዝርና የአጠራር ማብራሪያ አለ፤ ታሪኩን ሳትጀምሩ እሱን ገልጣችሁ እዩት። ከዚያ ስሞቹን በፊደላችን አንድ ላይ ጻፏቸው። እያንዳንዱ እንደመሰለው ካነበበ ስለ አንድ ሰው እያወራችሁ ስለ ሁለት ሰው ይመስላችኋል። እኛ ላይ ደርሷል፤ ግማሽ ሰዓት ተከራክረን ስናበቃ ሰውዬው አንድ ሆኖ ተገኘ።

እንዲያም ሆኖ ካልተያዘላችሁ በሥራቸው ጥሯቸው። ለዚህ ደግሞ አማርኛ ሀብታም ነው። እልፍኝ አስከልካይ አለን፣ አጋፋሪ አለን፣ ባለሟል፣ እንደራሴ፣ ምን የሌለን አለ? ቻቫር የሚባለውን ሎርድ ቻንስለር «ጸሐፌ ትዕዛዝ» ያልነው ቀን ነገሩ ሁሉ በራልን። የንጉሥ ደብዳቤ በእጁ የሚያልፍ ሰው ምን ያህል እንደሚፈራ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። «ደጅ መጥናት» የሚለውንም እንደዚያው። ሰው አንድ ፊርማ ለማግኘት ኮሪደር ላይ ሲመላለስ ስናነብ ሌላ ማብራሪያ አልፈለግንም።

አሁን ወደ ዋናው። ውይይቱን «እንዴት አገኛችሁት?» ብላችሁ አትክፈቱ። ይሄ ጥያቄ ሁሌ ወደ «ወድጄዋለሁ፣ አልወደድኩትም» ይወስዳል፣ እዚያው ይሞታል። አንድ ገጽ ምረጡና አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። ሌላው መጽሐፉን ዘግቶ ይስማ። ካነበባችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ እዚህ ክፍል ውስጥ ማን ምን ያውቃል? ሴራ ማለት እኮ ዕውቀት እኩል ያልተከፋፈለበት ቤት ነው። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም፣ ሦስተኛው የሚያውቅ ይመስላል። ክፉና ደግ የሚለው ክርክር ይህን ካያችሁ በኋላ ይደርሳል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሳይነሣም ይቀራል።

ላሳያችሁ። መልእክተኛው ማያ ያለበት ቤት ሲደርስ ማንነቱን ይጠይቀዋል፣ ካረጋገጠ በኋላ ያረጀው ምንጣፍ ላይ ተደፍቶ እጅ ይነሣል። አባትህ ሞተ ገና አላለም። እኛ ይህን ገጽ ስናነብ ሃያ ደቂቃ ቆየንበት። አንዷ «መርዶ እንዲህ ይነገራል እንዴ?» አለች። ሌላው፣ ተነግሮታል እኮ፣ መደፋቱ ነው መርዶው አለ። እውነቱን ነው። ለዙፋን ያልታሰበ ልጅ ፊት ሰው እንዲህ ከተደፋ ከፊቱ የነበሩት ሁሉ የሉም ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት መልእክተኛው ሁሉን ያውቃል፣ ልጁ እየገባው ነው፣ ከአጠገባቸው የቆመው አሳዳጊ ደግሞ ትናንት ሲቆጣው ያደረ ልጅ ዛሬ ምን እንደሆነ እያሰላ ነው። ሦስት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ ሦስት ዓይነት ዕውቀት።

ከዚያ ደብዳቤው ይከፈታል። ጸሐፌ ትዕዛዙ ቻቫር የላከው ነው። አክብሮቱ ሞልቶ ይፈሳል። የሟቹ ንጉሠ ነገሥት ቀብር ከሦስት ቀን በኋላ መሆኑን፣ እሱ ሁሉን እያሰናዳ መሆኑን ይናገራል። እዚህ ላይ ወረቀት አውጡና ሦስት ዓምድ አስምሩ። አንደኛው የሚያውቀው፣ ሁለተኛው የሚገምተው፣ ሦስተኛው የሚፈልገው። ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉት።

እኛ ስንሞላ በመካከላችን ጡረታ የወጡ የሕግ ሰው አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ዝም ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ደብዳቤውን እንዴት ያነቡት ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ? የሌለውን ነው የምፈልገው። የተጻፈውንማ ሁሉም ያየዋል። እስቲ ዘውድ የሚል ቃል ፈልግልኝ።»

ፈለግን። ስለ ቀብር አለ፣ ስለ ንግሥ የለም። ለካ አሳዳጊውም፣ ሴተሪስ ነው ስሙ፣ ያየው ይህንኑ ነው፤ ልጁን ፈጥነህ ሂድ፣ ሳይጠብቁህ ድረስ የሚለው ለዚህ ነው። ዓምዱ ሲሞላ እንዲህ ሆነ። ቻቫር የሚያውቀው፦ ልጁ የቤተ መንግሥት ሥርዓት አልተማረም። የሚገምተው፦ ያልኩትን ይቀበላል። ሴተሪስ የሚያውቀው፦ ቤተ መንግሥቱን ከነበሽታው፣ ምክንያቱም ከዚያው ተባሮ ነው የመጣው። የሚፈልገው፦ መመለስ። ስለዚህ ምክሩ ትክክል ነው፣ ደግሞም ለራሱ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናሉ እንዴ? ይሆናሉ። ያን ቀን የተኳረፉት ሁለቱ ጓደኞቻችን የታረቁት እዚህ ዓምድ ላይ ነው።

የማያ ዓምድ ነው የገረመኝ። «ምንም አያውቅም» ብለን ባዶ ልንተወው ነበር። ግን አሥር ዓመት ሙሉ የአንድ ቁጡ ሰው ፊት እያነበበ ያደገ ልጅ ነው። ጠጥቷል? ተናዷል? አሁን ይመታኛል? እያለ ያደገ ሰው ዙፋን ፊት የሚቆመውን ባለሟል ፊት ማንበብ አያቅተውም። ሥርዓቱን አያውቅም፣ ሰው ግን ያውቃል። በኋላ የሚያደርገውን ብዙ ነገር ያየሁት በዚህ ዓይን ነው።

የአነጋገሩ ነገር ደግሞ ለእኛ የተተወ ስጦታ ነው። ደራሲዋ የጥንቱን እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ መልሳ አምጥታዋለች። ማያ በአደባባይ ስለ ራሱ ሲናገር «እኛ» ይላል፣ ብቻውን ሲያስብ «እኔ» ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመልመድ ይቸገራል። እኛ ግን «አንቱ» እና «አንተ» ውስጥ ነው ያደግነው፣ ነገሥታቶቻችንም በአዋጅ «እኛ» ይሉ ነበር። ስለዚህ ይህን ሞክሩ፦ ሴተሪስ ልጁን የሚያናግርበትን አንድ ንግግር ወስዳችሁ እዚያው በአማርኛ መልሱት። «ተነሥ» ነው ወይስ «ይነሡ»? ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞረው መቼ ላይ ነው? እኛ ቤት አንዱ መልእክተኛው እጅ እንደነሣ ወዲያው መዞር አለበት አለ። ጋሼ ደግሞ ያሳደገ ሰው ቢነግሥበትም በልቡ አንተ እንዳለው ይሞታል ብለው ሳቁ። ይሄ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ሥልጣን ከማን ወደ ማን እንደሄደ በደንብ የሚያሳይ እሱ ነው።

የንግሥ ስሙንም አትለፉት። አባቱ ቫሬነቺበል አራተኛ ነበር። ማያ አምስተኛ መሆን ሲችል ኤድሬሃሲቫር ሰባተኛ የሚለውን ይመርጣል። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭን ቴዎድሮስ መባልን የመረጠው ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የትንቢት መጽሐፍ ላይ የተነገረለትን ንጉሥ ስም መሆኑን አውቆ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ስም መምረጥ አዋጅ እንደማወጅ ነው። ጠይቁ፦ ይህን ስም ሲሰማ ማን ይደነግጣል?

ማነጻጸር ግን ልክ አለው። በዚህ መንገድ ስትሄዱ አንዱ መነሣቱ አይቀርም፣ «ይሄ እኮ ልክ እከሌ ነው» ይላል፣ የዛሬ ባለሥልጣን ስም ይጠራል፣ መጽሐፉ ይዘጋል፣ እስኪመሽ ፖለቲካ ነው። ጨርሶ መከልከል አይሠራም፣ ሞክረነዋል። የኛ ደንብ በሲኒ ነው። ስለ ዛሬ ማውራት የፈለገ አንድ ሲኒ እስኪጠጣ ያውራ። ሲኒው ባዶ ሲሆን ወደ መጽሐፉ። አንድ ጓደኛችን ቡናውን እያረፈ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ስለጀመረ ትንሿን ሲኒ ለእሱ አደረግናት።

«ማያ ደካማ ነው» ወይም «አስመሳይ ነው» የሚል ሲመጣ ደግሞ አትከራከሩት። የትኛው ምዕራፍ ላይ? በሉት። ገልጦ ያንብብ። ግማሹ እዚያው ይተወዋል፣ ግማሹ ማንም ያላየውን መስመር ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ጥሩ ነው።

ከመበተናችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰው ብጣሽ ወረቀት ላይ ሁለት ስም ይጻፍ፦ ማን ይከዳል፣ ማን ሳይጠበቅ ይታመናል። ስሙን ጻፉ፣ ቀን ጻፉ፣ እጠፉት። እኛ የምናስቀምጠው ባዶ የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ይህን ማድረግ ከጀመርን ወዲህ «እኔማ ገና ድሮ ጠርጥሬ ነበር» የሚል ሰው ጠፍቷል። መጽሐፉን የጨረስን ቀን ቆርቆሮው ተከፍቶ አንድ በአንድ ተነበበ። ጋሼ ሁለቱንም አግኝተዋል። የእኔ ሲነበብ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ እስካሁንም በዚያ ስም ነው የሚጠሩኝ። ማንን ጽፌ እንደነበር ግን ለእናንተ አልነግርም፤ ከምዕራፍ ሦስት በጣም ርቆ ነው ያለው።